የተቆረጠ ውጅግራና የተፋቀ ብራና፤ ወደ ጥንተ መልክ ስለ መመለስ

መግቢያ

ስለ ጠመንጃ ዕደሳ የሚናገር ጽሑፍ በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል መጽሔት ላይ ማውጣት ያለ ቦታው የዋለ ሊመስል ይችላል። ይሁንና የአማርኛ ቃል ግጥም ከጠመንጃ ጋር ያለውን ዝምድና ላስተዋለ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በፉከራና በቀረርቶ፣ በሙሾና በአደን ዘፈን ውስጥ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ሰናድር፣ ቤልጅግ የሚሉት ስሞች ደጋግመው ይመጣሉ። ሪቻርድ ፓንክረስት ይህንኑ በማጤን፣ የጦር መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ በቋንቋውና በባህሉ ላይ የተወውን ምልክት የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1971 በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ ላይ አቅርበዋል። የእኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ትኩረት ግን በአብዛኛው በስሞቹ ላይ የተወሰነ ነው። ስሙን የተሸከመው ዕቃ፣ ማለትም ብረቱና እንጨቱ፣ እንደ አንድ ጽሑፍ ሊነበብ መቻሉን ብዙም አናስበውም።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ነው። ለጦር ሜዳ ተሠርቶ በኋላ ለአደን የተቆረጠን ጠመንጃ ወደ ጥንተ መልኩ መመለስ ይገባል ወይስ አይገባም? ጥያቄው የቀረበልኝ በመተከል፣ በወንበራ ወረዳ፣ ደብረ ዘይት በምትባለው ከተማ በዘመዶቼ ቤት በሚገኝ አንድ ውጅግራ ምክንያት ነው። መልሱን ስፈልግ የደረስኩበት ስፍራ ለጥንታዊ ጽሑፎቻችን አርትዖትም ሆነ ለቃል ግጥም ጥናታችን የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘሁት፣ በመጀመሪያ የዕደሳውን ሙያ፣ ቀጥሎ የውጅግራን ታሪክ፣ ከዚያም የወንበራውን ጠመንጃ አስከትዬ በመጨረሻ ወደ ብራናው እመለሳለሁ።

ለአደን መለወጥና ወደ ጥንተ መልክ መመለስ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታት ግምጃ ቤቶች ከእንግዲህ በማይፈለግ ጠመንጃ ተሞልተው ነበር። የአሜሪካው ስፕሪንግፊልድ፣ የጀርመኑ ማውዘር፣ የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ፣ በ1928ቱ ወረራ እኛም በሚገባ ያወቅነው የጣሊያኑ ካርካኖ በርካሽ ዋጋ ለሕዝብ ገበያ ወጡ። በአሜሪካ ገዥው የጋዜጣ ማስታወቂያ አይቶ፣ ገንዘቡን ልኮ፣ ጠመንጃውን በፖስታ ሊቀበል ይችል ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1963 የተገደሉበት ጠመንጃ በዚሁ መንገድ የተገዛ ካርካኖ ነው። ይህን ንግድ ያጠበበው የአሜሪካ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነበር።

ጠመንጃው ገበሬና አዳኝ እጅ ሲገባ እንደ ነበረ አልቀረም። የወታደር ጠመንጃ ረጅምና ከባድ ነው። ሳንጃ መሰኪያ አለው፤ እንጨቱም እስከ አፈሙዙ አጠገብ ይደርሳል። አዳኙ እንጨቱን ከመካከል ቆርጦ ያሳጥራል፤ የሳንጃ መሰኪያውን በሞረድ ይፍቃል፤ በርሜሉን ይቆርጣል፤ መነጽር ለመግጠም ብረቱን ይበሳል፤ የቀረውን አጥቦ እንደ ገና ያጠቁራል። በዚያን ጊዜ ይህን ያደረገ ሰው ቅርስ አጠፋ የሚለው አልነበረም። በጥቂት ገንዘብ የገዛውን የብረት ዕቃ ለኑሮው እንዲመች አድርጎ አስተካከለ እንጂ።

ዘመን ሲያልፍ ዋጋው ተገለበጠ። ያልተነካው ጠመንጃ እየጠፋ ስለ ሄደ ሰብሳቢዎች የተቆረጠውን እየገዙ ወደ ጥንተ መልኩ መመለስ ጀመሩ። ይህም የራሱ ሥርዓት ያለው ሙያ ሆነ። ጠንቃቃ ባለሙያ አስቀድሞ የጠመንጃውን ዓይነት፣ የፋብሪካውን ማኅተምና ቁጥሩን ይለያል። ቀጥሎ የጠፋውን ከተጎዳው ይለያል። እንጨት ሊተካ ይችላል፤ የተቆረጠ በርሜልና የተበሳ ብረት ግን አይመለስም። ከዚያ በዚያው ፋብሪካና በዚያው ዘመን የተሠራ ክፍል ፈልጎ ይገጥማል። ብረቱን አይወለውልም፤ ውልወላ ማኅተሙን ይበላዋልና። የሌላ ጠመንጃ ቁጥር አጥፍቶ የዚህን አይቀርጽም። ያወጣውን ክፍል አይጥልም፤ የሠራውንም ሁሉ ይመዘግባል።

በሙያው ውስጥ ግን አንድ ያልተቋጨ ክርክር አለ። በርሜሉ ከአንዱ፣ እንጨቱ ከሌላው፣ ቀለበቱ ከሦስተኛው ጠመንጃ ተሰብስቦ የተገጣጠመው ዕቃ በእርግጥ የቀድሞው ጠመንጃ ነውን? ወይስ ከአሮጌ ክፍሎች ትናንት የተሠራ አዲስ ዕቃ ነው? የጽሑፍ አርትዖት የተማረ አንባቢ ጥያቄውን ያውቀዋል። ከአሥር ቅጂዎች የተሻለ የተባለውን ንባብ ለቅሞ የሚያዘጋጅ አርታዒም የሚያቀርበው ጽሑፍ በአንዱም ቅጂ ውስጥ በሙሉ የማይገኝ ነው።

ከፉዚ ግራ እስከ ውጅግራ

በፈረንሳይ ጦር ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1874 ሥራ ላይ የዋለው ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከመኰንኑ ከባዚል ግራ ነው። የ11 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ፣ አንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና 4 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ያለው ነበር። ግራ ግን ከባዶ አልተነሣም። በ1866 የወጣውና ሻስፖ የሚባለው ጠመንጃ በወረቀት የተጠቀለለ ባሩድ ይጎርስ ስለ ነበር፣ እርሱን የብረት ቀለህ እንዲቀበል አድርጎ ነው ያሻሻለው። ብዙ ሻስፖዎችም ወደ ፋብሪካ ተመልሰው ግራ ሆነዋል። ከ1880 በኋላ ደግሞ መቀርቀሪያው ላይ ትንሽ ማሻሻያ ተደርጎ ማኅተሙ ላይ ሌላ ምልክት ተጨመረበት። በ1886 ለበል የሚባለው ጠመንጃ ሲተካው አሮጌው ግራ ለውጭ ገበያ ተትረፈረፈ። ከፊሉ የወፍ መምቻ ጠመንጃ ሆኖ ተለወጠ፤ ከፊሉም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የለበልን ጥይት እንዲተኩስ ተደርጎ እንደ ገና ተሠራ።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። «ጥንተ መልክ» የምንለው አንድ ብቻ አይደለም። ሻስፖ ሆኖ ተወልዶ ግራ የሆነን ጠመንጃ ወደ ጥንቱ እንመልሰው ቢባል የቱ ጋ እንቆማለን? ዕደሳ ሁልጊዜ አንድን ቀን መርጦ «ከዚህ በፊት ያለው እውነት ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ጉዳት ነው» ማለት ነው። ቀኑን የሚመርጠው ሰው ብረት ሠራተኛ ቢመስልም የሚሠራው የታሪክ ጸሐፊን ሥራ ነው።

ጠመንጃው ወደ አገራችን የገባው በቀይ ባሕር ዳርቻ ነጋዴዎች አማካይነት ነው። የንግዱን ጠባይ ለመረዳት ለሥነ ጽሑፍ ሰው ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥም ከተወ ከዓመታት በኋላ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ ወደ 2000 የሚጠጋ ጠመንጃ ለንጉሥ ምኒልክ ወደ ሸዋ አስገብቷል። ያመጣቸው በአውሮፓ ጊዜ ያለፈባቸው፣ በካፕሱል የሚተኮሱ አሮጌ ጠመንጃዎች ነበሩ። አውሮፓ የጣለችው ወደ እኛ ይመጣ ነበር፤ እኛም እንደ አዲስ እንቀበለው ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ሳይቀር የጣሊያን ጦር በአብዛኛው የያዘው አዲሱን ካርካኖ ሳይሆን አሮጌውን ቬተርሊ ነበር። ከወገን በኩል ከተሰለፉት ጠመንጃዎች ውስጥ ውጅግራ ስመ ጥር ነው።

ስሙን እንመልከት። ፈረንሳዮች ጠመንጃን የሚጠሩበት ቃል በጽሕፈት መጨረሻው ላይ ላ አለበት፤ የመኰንኑም ስም መጨረሻው ላይ ሳ አለበት። ሁለቱም በአነጋገር አይሰሙም። ቃሉን ከወረቀት ያነበበ ሰው ቢሆን «ፉሲል ግራስ» ባለው ነበር። የእኛ ሰው ግን «ፉዚ ግራ» ሲባል በጆሮው ሰማ፤ ሁለቱን ቃል አንድ አደረገ፤ ፉን ው፣ ዚን ጅ አድርጎ ውጅግራ አለው። እንግዲህ ስሙ ከነጋዴ አፍ ወደ ገዥ ጆሮ የተሸጋገረ ለመሆኑ ማስረጃው በራሱ በቃሉ ውስጥ ይገኛል። የእንግሊዙ ስናይደር ሰናድር፣ የኦስትሪያው ማንሊኸር ምንሽር የሆኑትም በዚሁ መንገድ ነው። «ውጅግራ ስሕተት ስለ ሆነ ወደ ፉዚ ግራ እናርመው» የሚል የቋንቋ ምሁር ቢነሣ እንስቅበት ነበር። ያ ለውጥ የቃሉ ታሪክ ነውና። በቃሉ ላይ የማንፈቅደውን በብረቱ ላይ ስለ ምን እንደምንፈቅድ መጠየቅ ይገባናል።

የወንበራው ጠመንጃ

ደብረ ዘይት ሲባል አንባቢ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለችውን ባለ ሐይቆቹን ከተማ ሊያስብ ይችላል። እርስዋ ዛሬ በጥንት ስሟ ቢሾፍቱ ተብላ ትጠራለች። ከደብረ ዘይት ወደ ቢሾፍቱ የተደረገው መመለስ ራሱ የዕደሳ ዓይነት ነው፤ በዚያ ሥፍራ ጥንተ ስሙን የሚያውቅና የሚፈልግ ሕዝብ ስለ ነበር ተገቢነቱን ማንም ሊረዳው ይችላል። እኔ የምናገርላት ደብረ ዘይት ግን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ የወንበራ ወረዳ ከተማ ናት። ከዓባይ በስተ ሰሜን ያለው ይህ አገር ቀድሞ በጎጃም ሥር ይተዳደር ነበር። ሺናሻ፣ ኦሮሞ፣ ጉሙዝ፣ አማራና አገው ይኖሩበታል። ደጋው ላይ እህል ይበቅላል፤ ወደ ቆላው ሲወረድ ሽመል የሚባለው የቀርከሃ ዓይነት ይበዛል።

ጠመንጃ በዚህ አካባቢ ከአደንና ከጦርነት በተጨማሪ ሌላ ሥራ ነበረው። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ቤኒሻንጉልን ካስገበሩ በኋላ ወርቁ ወደ መሐል አገር ሲወጣ ባሪያም ይወጣ ነበር። አብዱስሰመድ ሐጂ አህመድ ስለ ቤላ ሻንጉልና ስለ ጉሙዝ የባሪያ ንግድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት የዚህን ድንበር አገር ከ1897 እስከ 1938 ድረስ ተከታትለውታል። ታደሰ ታምራትም በጎጃምና በወለጋ ያሉት ጉሙዞች ከደጋ ጎረቤቶቻቸው ጋር የነበራቸውን ግንኙነት አስቀድመው አጥንተዋል። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በ1916 ዓ.ም. ባርነትን የሚገድብ ሕግ ወጣ፤ ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። ቀስትና ጦር የያዘው ቆለኛ ጠመንጃ ከያዘው ደገኛ ጋር በእኩል አይተያይም ነበር። የአገሩን ጠመንጃ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን መዝለል አይችልም።

የዘመዶቼ ውጅግራ ከሦስት ትውልድ በላይ በአንድ ቤት የቆየ ነው። ስለካው ጠቅላላ ርዝመቱ 98 ሳንቲ ሜትር ሆነ። እንግዲህ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ጎድሎታል። በርሜሉ ከአፈሙዙ በኩል ተቆርጧል፤ የፊት ማነጣጠሪያው በናስ ቁራጭ ተተክቷል። ከበርሜሉ በታች ያለው እንጨት ከመካከል ተቆርጦ ጫፉ በቢላዋ ተድቦልቡሏል። እንጨቱ በተሰነጠቀበት አንገቱ ላይ የጎሽ ቆዳ በርጥቡ ተጠቅልሎ ደርቋል። በግራ ጎኑ ብረቱ ላይ የሴንት ኤትየን ፋብሪካ ማኅተም ዛሬም በጣት ይዳሰሳል። ሰደፉ ግን ጥንት ከፈረንሳይ እንደ መጣ ነው። በሰደፉ ላይ 11 የናስ ምስማሮች አሉ። ስምንቱ በአንድ ተርታ፣ ሦስቱ ከእነርሱ ራቅ ብለው ወደ ታች።

በ2009 ዓ.ም. በውጭ አገር የሚኖር የእኅቴ ልጅ ይህን ጠመንጃ ወደ ጥንተ መልኩ የመመለስ አሳብ አቀረበ። ፎቶግራፉን አይቶ ከፈረንሳይ ሙሉ በርሜል፣ የሳንጃ መሰኪያውን፣ የበርሜል ቀለበቶቹንና የዋልነት እንጨት ማግኘት እንደሚቻል አረጋገጠ። የጎሽ ቆዳው ይወልቃል፤ የምስማሮቹ ቀዳዳዎች በተመሳሳይ እንጨት ይደፈናሉ። ወጪውን እርሱ ይችላል። ዓላማውም መልካም ነበር። «አያቶቻችን ዓድዋ ይዘውት የዘመቱትን መልክ ልጆቻችን ይዩት» አለኝ። ሽማግሌዎቹን እንዳግባባለት የላከው እኔን ነው።

አጎቴ ነገሩን በጸጥታ ሰሙ። ጠመንጃው መቼና ለምን እንደ ተቆረጠ ጠየቅኋቸው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ አባታቸው ለቀጥቃጭ ሰጥተው እንዳስቆረጡት፣ ምክንያቱም ረጅሙ ጠመንጃ በሽመሉ ውስጥ እየተሰነካከለ ጎሽ ያስመልጥ ስለ ነበር መሆኑን ነገሩኝ። ጥይቱም ከጠፋ ቆይቶ ነበርና ባዶውን ቀለህ እየለቀሙ ባሩድ ይሞሉት ነበር። ስምንቱ ምስማሮች የግዳይ ምልክት ናቸው፤ ሁለቱ ዝሆን፣ ስድስቱ ጎሽ። እነርሱን በቃል ግጥምም አውቃቸዋለሁ። በቤታችን በሠርግና በተዝካር የሚፎከረው ፉከራ ስምንቱን ግዳይ በየቦታው ስም እየጠራ ይቆጥራል።

ስለ ሦስቱ ስጠይቅ አጎቴ ወዲያው አልመለሱም። በኋላ «ልጄ፣ እነዚያ አይፎከርባቸውም» አሉኝ። «ከቆላ የመጡ ናቸው። ተነድተው የመጡ።» ምስማሮቹ በአያታቸው እጅ፣ በርሜሉ ከመቆረጡ አስቀድሞ የተመቱ መሆናቸውን ነገሩኝ።

በማግስቱ የአጎቴ የቆየ ወዳጅ የሆኑ አንድ የጉሙዝ ሽማግሌ ለገበያ ወጥተው ቤት ገቡ። አጎቴ ነገሩን ሳይሸሽጉ አጫወቷቸው። ሽማግሌው ጠመንጃውን ተቀብለው ሦስቱን ምስማሮች በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ። ከዚያም በአማርኛ እንዲህ አሉ፦ «ስምንቱን እናንተ ትፎክሩባቸዋላችሁ። ሦስቱን እኛ እንቆጥራለን። ቀዳዳው ከተደፈነ እኛ ምን አሳይተን እንናገር?»

ከዚህ በኋላ በቤቱ ውስጥ የዕደሳው ነገር አልተነሣም። ለእኅቴ ልጅ ሁሉንም ጻፍኩለት። መጀመሪያ ተቀየመ፤ በኋላ ግን የፎቶግራፍ ባለሙያ ከፍሎ ጠመንጃው በየአቅጣጫው እንዲነሣ፣ እያንዳንዱ ምልክት ከአጎቴ ቃል ጋር እንዲመዘገብ አደረገ።

የቃሉ ግጥምና የእንጨቱ ጽሑፍ

ይህ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ምን ይነግረዋል? ፉከራው አንድ ጽሑፍ ነው፤ ሰደፉም ሌላ ጽሑፍ ነው። ሁለቱ ስለ አንድ ቤት ይናገራሉ፤ ግን እኩል አይናገሩም። ፉከራው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የሚያሳፍረው ተቆርጦ ወድቆለታል። በእርግጥ ተጎርዶ፣ ለግብዣ እንዲመች ሆኖ የተስተካከለው ግጥሙ ነው። ጠመንጃው በርሜሉን ቢያጣም ቍጥሩን አላጣም። እኛ ቃል ግጥምን ስንሰበስብ የምንቀዳው የተባለውን ብቻ ስለ ሆነ፣ ያልተባለው ምን እንደ ነበረ የሚጠቁመን ብዙ ጊዜ ዕቃው ነው። ጠመንጃው ወደ ፋብሪካ መልኩ ቢመለስ ኖሮ እንጨቱም እንደ ፉከራው ዝም ባለ ነበር።

በብራና ጽሑፎቻችንም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። በቆዩ መጻሕፍት ላይ የመጀመሪያው ባለቤት ወይም አስጻፊ ስም ተፍቆ በላዩ የሌላ ሰው ስም ተጽፎ መገኘቱ የተለመደ ነው። በባዶ ገጾች ላይ የርስት ውል፣ የስጦታ ቃል፣ የደብሩ ንብረት ዝርዝር ይጻፋል። የመጀመሪያውን ድርሰት ብቻ የሚፈልግ አርታዒ እነዚህን ሁሉ እንደ እድፍ ይቆጥራቸዋል። የታሪክ ተማሪ ግን ከድርሰቱ ይልቅ በኅዳጉ ላይ ያለውን የርስት ውል ሊፈልገው ይችላል። ድርሰቱ በሌላ መቶ ቅጂ ይገኛል፤ ውሉ የሚገኘው ግን እዚያ ብቻ ነው። የውጅግራውም ነገር እንዲሁ ነው። ያልተቆረጠ የ1874 ግራ በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ሞልቷል። ሦስቱ ምስማሮች ያሉት አንዱ ላይ ብቻ ነው።

በአውሮፓ የጽሑፍ አርትዖት ታሪክ ይህ ክርክር የቆየ ነው። በካርል ላኽማን ስም የሚጠራው ዘዴ ቅጂዎችን በስሕተታቸው እያዛመደ ወደ አንድ እናት ቅጂ ለመውጣት ይጥራል። ጆሴፍ ቤዲዬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳተመውን የፈረንሳይኛ ግጥም እንደ ገና መርምሮ በ1928 ይህን ዘዴ ተቸ። አርታዒው በግምት ከሚገነባው ጽሑፍ ይልቅ በእርግጥ የነበረ፣ በእርግጥ የተነበበ አንድ ጥሩ ቅጂ መርጦ በጥቂት እርማት ማውጣት ይሻላል አለ። እኔ ላኽማንን ለመጣል አልፈልግም። የአንድን ድርሰት የቀድሞ ንባብ ለማወቅ ስንሻ ዘዴው ያስፈልገናል። ይሁን እንጂ የላኽማን ሥራ የሚከናወነው በወረቀት ላይ ነው፤ ብራናዎቹን አይነካም። እናት ቅጂውን ለማግኘት ሲል የቅጂዎቹን ኅዳግ የሚፍቅ አርታዒ የለም። ጠመንጃን የሚያድስ ሰው ግን የሚሠራው በብራናው በራሱ ላይ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ከገዛ ቤታችንም ምሳሌ አለ። በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የግእዝ መዝገበ ቃላት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አሰፉት፤ ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት አበቁት። ከዚህ መጽሐፍ ውስጥ የመጀመሪያውን መምህር እጅ ብቻ ለይተን ሌላውን እናውጣ ብንል የሚቀረን ምንድን ነው? የመጽሐፉ ክብር ሦስት እጆች ያለፉበት መሆኑ ነው። አንባቢም የሚጠቀመው የኋለኞቹ የሠሩት ስላለ ነው።

መመዘኛው ምን ይሁን?

ከላይ ያልሁት በኋላ የመጣ ለውጥ ሁሉ ቅርስ ነው ወደሚል ድምዳሜ ሊወስደን አይገባም። ያላዋቂ ሰው ትናንት በበር ቀለም የቀባውን ጠመንጃ ቀለሙን በጥንቃቄ ማንሣት መልካም ሥራ ነው። ለጎብኚ ሽያጭ ሲባል የሌላ ጠመንጃ ክፍል የተበየደበትን መለየትም እንዲሁ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ዓይነት ተቋም ደግሞ የዘመኑን ሠራዊት ለማሳየት ሙሉ ርዝመት ያለው ውጅግራ ቢፈልግ ፍላጎቱ ተገቢ ነው። ለዚያ የሚሆነው ግን ታሪኩ የማይታወቅ፣ ምልክት የሌለው፣ ወይም ራሱ ሳይቆረጥ የቀረ ጠመንጃ ነው።

ስለዚህ ማንኛውም ሰው አንድን አሮጌ ዕቃ ወደ ጥንተ መልኩ ከመመለሱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ እላለሁ። አንደኛ፣ ለውጡን ማን፣ መቼ፣ ለምን አደረገው? ከሽመሉ ጫካ የተነሣ የተቆረጠ በርሜል የአገሩን መልክዐ ምድር ይናገራል። ሁለተኛ፣ የምናደርገው ነገር ነገ ሊፈታ ይችላል ወይ? አዲስ እንጨት ገጥሞ አሮጌውን በጎን ማስቀመጥና ቀዳዳ መድፈን አንድ አይደሉም። ሦስተኛ፣ ይህ ምልክት ሲጠፋ ምስክሩን የሚያጣ ሰው አለ ወይ? ሦስተኛውን ጥያቄ የዕቃው ባለቤት ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። በወንበራ መልሱ የተገኘው ከጎረቤት ነው።

ሕጉም ከዚህ አሳብ አይርቅም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ የእድሳት ሥራ አስቀድሞ እንዲፈቀድ ያዛል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ የጦር መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ወስኖታል። የቤተሰብ ጠመንጃ ስለዚህ በሁለት ወገን የመንግሥት ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ሕጎች ምስማር አያነቡም። ያ የእኛ ሥራ ነው።

በ2013 ዓ.ም. በመተከል የደረሰው እልቂት ብዙ ሰው ፈጅቷል፤ የሞቱት ከአንድ ወገን ብቻ አይደሉም። እንዲህ ባለ አገር ያለፈውን ማንሣት ቁስል መነካካት ነው የሚሉ አሉ፤ ሥጋታቸውን እረዳለሁ። ነገር ግን በአንድ ቤት ውስጥ አጎቴና ወዳጃቸው ሦስቱን ምስማሮች ሳይጣሉ መቁጠር የቻሉት ምስማሮቹ ስላሉ ነው። አንዱ የካደው፣ ሌላው የፈጠረው እንዳይሆን የሚዳሰስ ነገር በመካከላቸው ነበር።

ለተማሪዎቻችን የማቀርበው አደራ ከዚህ ይነሣል። ፉከራና ቀረርቶ ለመቅዳት ወደ ገጠር ስትወጡ ድምፁን ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። ፎካሪው የያዘውን ጠመንጃ፣ ዝናሩን፣ የሰደፉን ጠባሳ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ፎቶግራፍ አንሡ። እያንዳንዱ ምልክት ምን እንደ ሆነ ጠይቁ፤ መልሱንም እንደ ተነገረ ጻፉ። በፉከራው ውስጥ የሌለ ምልክት በእንጨቱ ላይ ስታገኙ የጥናታችሁ መነሻ እርሱ ይሁን። በጎረቤት ቋንቋ የሚናገረውንም ሽማግሌ ጥሩ፤ ያንኑ ምልክት በሌላ በኩል ያነበበው እርሱ ነውና።